ሊቃጠል የነበረው ጥቁር አፈር

ሰው ያደገበትን ብርድ ይናፍቃል ቢሉት የቆላ ሰው ላያምን ይችላል፤ ጋሽ ኃይለመስቀልን የሚያውቅ ግን አይጠራጠርም። እኚህ የሰላሌ ደጋ ተወላጅ በጎልማሳነታቸው ማዘጋጃ ቤት ተመድበው ነገሌ ቦረና ከገቡበት ጊዜ አንስቶ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሙቀቱን ሳያማርሩ የዋሉበት ቀን የለም። ባለቤታቸው ወይዘሮ በለጡ «ፀሐዩማ አብሮን አረጀ፤ እሳቸው ናቸው እንጂ ያልታረቁት» እያሉ ይቀልዱባቸዋል።

አንድ ማለዳ ጋሽ ኃይለመስቀል ጋቢያቸውን ደርበው፣ አዲስ የተሳለ መጥረቢያ በጆንያ ጠቅልለው መናኸሪያ ተገኙ። ሶራ የሚባል ገበሬ ወዳጃቸው ባሌ ተራራ ላይ፣ ሪራ በምትባል መንደር ይኖራል። ከቤቱ በላይ ያለውን ደን የለበሰ ዳገት መንጥረው እኩል ሊያርሱ ተስማምተዋል፤ ደቦም ከነገ ወዲያ እንዲመጣ ተጠርቷል። ሽማግሌው ከመሞታቸው በፊት በገዛ እጃቸው የዘሩትን የደጋ ገብስ መብላት ይፈልጋሉ። ከዚህ ሌላ ምኞት አልነበራቸውም። በበጋ ሄደው አፈሩን ዘግነው አይተውት ነበር፤ እንደ ኑግ የጠቆረ፣ በእጅ ሲይዙት የሚለሰልስ አፈር ነው።

ሚኒባሱ ውስጥ ገብተው ገና ከመቀመጣቸው ከጎናቸው ያለችው ወጣት «ጋሼ! እርስዎ ነዎት?» ብላ ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ አለች። ቀና ሲያደርጓት ዙለይካ ሆና ተገኘች፤ የጎረቤታቸው የባለሱቁ የጀይላን ልጅ። ልጅ ሳለች ከእናቷ ቤት ይልቅ በወይዘሮ በለጡ ጓዳ ትውል ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ስለ አፈር ከተማረች በኋላ አሁን እዚያው ታስተምራለች፤ ለበዓል ወላጆቿን ጠይቃ በሪራ በኩል ወደ ጎባ መመለሷ ነው።

«ያቺ ጭቃ ስታቦካ የምትውል ልጅ የጭቃ አስተማሪ ሆነች ሲሉኝ ሳቅሁ» አሉ ጋሽ ኃይለመስቀል ግንባሯን ስመው።

«እትዬ በለጡ ያኔ ቢገርፉኝ ኖሮ ሐኪም እሆን ነበር። ደግሞ ይህ መጥረቢያ ምንድን ነው? ማንን ሊቀጡበት ነው?»

ሽማግሌው ደስታቸውን መሸሸግ አልቻሉም። ስለ ሶራ፣ ስለ ዳገቱና ስለ አፈሩ ሁሉንም ነገሯት። ዛፉ ከተቆረጠ በኋላ ድንጋዩ ይለቀማል፤ ከዚያ አባታቸው በሰላሌ ያደርጉ እንደነበረው አፈሩ ተገልብጦ፣ ጓሉ ተከምሮ ይቃጠላል። «አፈር እሳት ሲቀምስ ይነቃል» ነበር የሚሉት አባታቸው። የተቃጠለ መሬት በመጀመሪያው ዓመት የሚሰጠውን ገብስ ያየ ሰው እጁን በአፉ ይጭናል።

የዙለይካ ፈገግታ እየደበዘዘ ሄደ። ታላቅን መቃወም ይከብዳታል፤ ዝም ማለት ደግሞ ከዚህ ይልቅ ከበዳት።

«ጋሼ፣ ድፍረት አይሁንብኝና፣ ያ አፈር የአባትዎ ዓይነት አፈር አይደለም።»

«አፈር አፈር ነው ልጄ። ጥቁር ነው፤ ጥቁር ደግሞ ወፍራም ነው።»

«ጥቁር የሆነው ስለ ወፈረ አይደለም። እዚያ ብርዱ ብርቱ ነው፤ የወደቀ ቅጠል ቶሎ አይበሰብስም። በዓመት በዓመቱ ሲደራረብ ጥቁር ምንጣፍ ይሆናል። እርስዎ የዘገኑት ያንን ምንጣፍ ነው። ከሥሩ ያለው ድንጋይና ኮረት ነው።»

«ድንጋዩን ማን አመጣው ታዲያ?»

«በረዶ።»

ጋሽ ኃይለመስቀል ከት ብለው ሳቁ፤ ሾፌሩ ሳይቀር በመስታወት አያቸው። «አካም ሾፌር! ሰማህ ወይ ወዳጄ? ያንን ቋጥኝ በረዶ ተሸክሞ አመጣው አለችኝ! ይኸን ለመማር ነው እንግዲህ አገር አቋርጠሽ የሄድሽው?»

ዙለይካም አብራ ሳቀች፤ ከሳቋ በኋላ ግን አልተወችውም። ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ከሪራ በላይ ያለው የሰንኔቲ አምባ ጫፍ በበረዶ ግግር ተሸፍኖ እንደነበር፣ ያ ግግር በገዛ ክብደቱ ወደ ታች እየተንሸራተተ ተራራውን እንደ ሞረድ እንደ ፋቀውና የፈነቀለውን ድንጋይ ዳገቱ ላይ ጥሎት እንደ ቀለጠ አስረዳቻቸው። በረዶው ከሄደ በኋላ በድንጋዩ መካከል እንደ አስታ፣ አምጃና ኮሶ ያለው የደጋ ዛፍ እየበቀለ፣ ቅጠሉን እያራገፈ ያችን ስስ አፈር ሠራት። ሥሩ ድንጋዩን አቅፎ ይይዛል፤ ድንጋዩ ደግሞ አፈሩ እንዳይንሸራተት ይደግፋል። ከሁለቱ አንዱ ከተነካ ሌላው አይቆምም።

«ካቃጠላችሁት አንድ ዓመት ታጭዳላችሁ፤ ቢበዛ ሁለት» አለች። «ከዚያስ?»

«ከዚያ እናሳርፈዋለን። አባቶቻችንም ያሳርፉ ነበር።»

«አርፎ ይመለስ ነበር?»

ጋሽ ኃይለመስቀል መስኮቱን ከፍተው ውጭውን ማየት ጀመሩ። የተማረ ልጅ ሲናገር ታላቅ ሰው መስኮት መክፈቱ የተለመደ ነው፤ ነፋሱ ክርክሩን ይዞት የሚሄድ ይመስላል።

መና ከተማ አድረው በማግሥቱ የሐረናን ጫካ ሲወጡ ሽማግሌው ራሳቸው ነገሩን አነሱት። «በይ እንወራረድ። ሪራ ውረጂና ቆፍሪ። አፈሩ ክንድ ከሞላ ነገ ከደቦው ጋር ድንጋይ ትለቅሚያለሽ።»

«ካልሞላስ?»

«ካልሞላ... እንግዲህ እናያለን።»

ሶራ ደጁ ላይ «ናጋ? ናጋ ኦቦ ኃይሌ?» በሚል የኦሮምኛ ሰላምታ እየሮጠ ተቀበላቸው። እሱም ለምንጠራው ጓጉቷል፤ ልጆቹ እያደጉ ነው፣ ማሳው ግን ያው ጠባብ ማሳ ነው። ውርርዱን ሲሰማ ግራ ቢጋባም ዶማ አምጥቶ ሦስቱም ወደ ዳገቱ ወጡ። ዙለይካ ቀሚሷን ሰብስባ መቆፈር ጀመረች። ስንዝር ሳይሞላ ዶማው ድንጋይ መታ። ወደ ጎን ሄደች፤ እዚያም ድንጋይ። ሶራ ተቀብሏት ትልቁን ድንጋይ ሲፈነቅል ከሥሩ ገርጣ ያለ ኮረት ወጣ፤ ከኮረቱ ሥር ደግሞ ሌላ ድንጋይ።

«ስስ አፈርም ያበቅላል» አሉ ጋሽ ኃይለመስቀል፤ ድምፃቸው ግን እንደ ትናንቱ አልነበረም። «እሳት ካገኘ ያበቅላል።»

«እንግዲያው ጥቂቱን እናቃጥል» አለች ዙለይካ። «ራስዎ ይለኩሱት፤ የአባትዎን ሙያ ከእርስዎ የተሻለ የሚያውቅ የለም።»

ደረቅ ደረቁን ጥቁር አፈር አንድ ቁና ያህል አሮጌ ቆርቆሮ ላይ ከመሩት። ሽማግሌው እንደ አባታቸው አድርገው ከሥር ጭራሮ አስገብተው ለኮሱትና ቤት ገብተው የሶራ ባለቤት ደራርቱ ያቀረበችላቸውን ወተት ጠጡ። አፈሩ ሳይነድድ ውስጥ ውስጡን ይጨስ ነበር። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተመልሰው ሲያዩ ቆርቆሮው ላይ የቀረው ከእፍኝ የማይበልጥ ነጭ አመድ ነው። በሰላሌ የሚያውቁት ቀይ፣ ሸክላ የመሰለ ጓል አልነበረም። እያዩት የማታው ነፋስ መጣና ያንኑ አመድ ጠርጎ ወሰደው።

«አፈሩ የት ሄደ?» አለ ሶራ ደንግጦ።

«አፈሩ ቅጠል ነበር» አለች ዙለይካ ቀስ ብላ። «ቅጠል ሲነድ ምን ይቀራል?»

ጋሽ ኃይለመስቀል ቋጥኝ ላይ ተቀመጡ። ሲናገሩ ለሁለቱም ሳይሆን ለራሳቸው ይመስል ነበር።

«የአባቴ ማሳ ዳገት ነበር። ልጅ ሳለሁ ገብሱ ይውጠኝ ነበር። እኔ ከአገር ስወጣ ግን ነጭ ድንጋይ ነበር የቀረው፤ ወንድሞቼም የተበተኑት ለዚያ ነው። እግዚአብሔር ተቆጥቶን ነው እንል ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ በዝናቡ አሳበብኩ።» እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። «ማሳውን በየጊዜው የምናቃጥለው ራሳችን ነበርን። ያኛው አፈር ወፍራም ስለ ነበር ሳንነቃበት ቆየን እንጂ።»

ዙለይካ አጠገባቸው ተቀምጣ እጃቸውን ያዘች። ልትረታቸው ፈልጋ ነበር፤ ሲረቱ ግን ደስ አላላትም። አባቷን ያህል የምትወዳቸውን ሰው ምኞት ነጥቃ ባዶ እጃቸውን መስደድ አልሆነላትም። ከሶራ በረት በታች፣ ዱሮ ደኑ ተመንጥሮ ጋደል ያለውን መሬት አሳየቻቸው። ለዓመታት የተከመረ ፍግ ሳይበተን እዚያው ተቀምጧል፤ ሶራ ማሳ ጠበበኝ ይላል፣ ይህ ግማሽ ማሳው ግን ጎርፍ ስለሚያጥበው ጦም ያድራል።

በማግሥቱ ጠዋት የደቦው ሰዎች መጥረቢያቸውን ይዘው እየዘፈኑ መጡ። ጋሽ ኃይለመስቀል ከፊታቸው ቆሙ፤ ሶራ ንግግራቸውን ወደ ኦሮምኛ ይመልስላቸው ነበር።

«ወንድሞቼ፣ ዛሬ ዛፍ አንቆርጥም» አሉ። አንዳንዱ አጉረመረመ። «የጨው ክምር ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል ይባላል። እኔ ልልስ ነበር የመጣሁት። ዳገቱ ከነዛፉ ይቆይ፤ ሶራ ቀፎውን ይስቀልበት፣ ማሩ በየዓመቱ ይቆረጣል። ያ ጥቁር ምንጣፍ ዝናቡን ጠጥቶ ቀስ እያለ ለምንጩ ያካፍላል፤ ምንጩ ወልመል ወንዝ ይገባል፣ ወልመል ገናሌ ይገባል፣ የነገሌ ሰውና ከብት ከገናሌ ይጠጣል። ለካ እዚያ ታች ሆኜ ሙቀቱን ስረግም እዚህ ያለው ብርድ ያጠጣኝ ነበር። የምናርሰው የታችኛውን ነው። የተለቀመ ድንጋይ ተሰብስቦ እርከን ይሁን፣ ፍጉ ይበተን፣ ጓል አይቃጠል። መሬቲቱ ትንሽ ናት፤ ለአንድ ሽማግሌና ለአንድ ቤተሰብ ገብስ ግን አታንስም።»

ከሰዎቹ አንዱ፣ ቀጄላ የሚባለው፣ «አባባ፣ ዳገቱን ለምነው ያገኙት እርስዎ አልነበሩም ወይ? ባንድ ሌሊት ሐሳብዎን ምን አስለወጠዎ?» አላቸው።

ጋሽ ኃይለመስቀል በደራርቱ ቀሚስ ሥር ቆመው የሚያዩዋቸውን የሶራን ትንንሽ ልጆች አዩ።

«አባቴ ደግ ሰው ነበር» አሉ፤ «ቢሆንም ያወረሰኝ ድንጋይ ነው። እኔ ለሰው ልጆች ድንጋይ አውርሼ አልሞትም።»

ሶራ ይህንንም ተረጎመ። ከዚያ ቀጄላ መጥረቢያውን አጥሩ ላይ አስደግፎ ጎንበስ አለና «እሺ፣ የመጀመሪያው እርከን ከየት ይጀምር?» ብሎ አንድ ትልቅ ድንጋይ አነሳ።