ጠጠር ያልለበሰው የእትዬ ሀረጓ ደጅ

አንድ ጊዜ ጸጥታ! ሮተም፣ ሙዚቃውን ዝቅ አድርጊልኝ። እትዬ ሀረጓ፣ እርስዎም ይቀመጡ፤ ዛሬ የጡረታ ሽኝትዎ ነው፣ ሳህን ማንሳት የለም።

እትዬ ሀረጓ ከእኛ ጋር ሥራ የጀመሩ ዕለት አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ። አለቃችን ኦሃድ፣ አጋሚም ሰፈር ያለ አንድ ቤት ደጃፍ ላይ አቁሞን፣ "እኛ የምንሠራው እንክብካቤ የማይጠይቅ ግቢ ነው። ውኃው በቱቦ ራሱ ይንጠባጠባል፣ ጠጠሩ አረም አያስወጣም፣ ባለቤቱ ምንም አይሠራም" አላቸው። እሳቸውም ዙሪያውን ቃኝተው፣ "ታዲያ እኔን ለምን ቀጠረኝ?" አሉ። ኦሃድ፣ ስሊኻ፣ ይቅርታ፤ ያን ቀን የተረጎምኩልህ "በጣም ደስ ብሏቸዋል" ብዬ ነው።

ያኔ እንዲህ እንደሚገዙን ማን አወቀ! ችግኙን ከነላስቲኩ ደርድረን ልንተክል ስንል "ቆይ!" ይላሉ። መንገድ ተሻግረው የሰው አጥር ላይ ቁጭ። እኛ በነሐሴ ፀሐይ አካፋ ይዘን ቀጥ። ቆይተው ቆይተው፣ "ያቺን ወደ ግራ።" ወደ ግራ እናደርጋታለን። "አይ፣ መልሷት።" ሮተም የላቬንደር ችግኞቹን አጠጋግታ ከተከለች ደግሞ አለቀላት። "አንቺ ልጅ፣ ለዛሬ ፎቶ ነው የምትተክዪው? ሲያድጉ የት ይግቡ?"

ደጄን በሙሉ ሣር አልብሱልኝ ያለው የሚግዳል ሰፈሩ ሰውዬስ? እትዬ ሀረጓ ከላይ እስከ ታች አዩት። "ታፈረ፣ ሣር ማለት ጡት ያልጣለ ልጅ ነው በለው። ሌሊት የሚነሳለት አለ ወይ?" ሰውዬው ስቆ ስቆ የጥብስ ቅጠልና ጠጠር መረጠ። እስከ ዛሬ ባየኝ ቁጥር ያመሰግነኛል፤ እኔም ምስጋናውን እቀበላለሁ።

አሁን ግን ቀልዱ ይቅርና፣ አባቴ ጎንደር ያረፈ ጊዜ ለቀብሩ አልደረስኩም። እትዬ ሀረጓ ቤቴ ድረስ መጥተው፣ "ብቻህን ግድግዳ አታይም፣ ተነስ" ብለው ወደ ሥራ ይዘውኝ ወጡ። ቀኑን ሙሉ አጠገቤ ቆፈሩ፣ ሳለቅስም አብረውኝ አለቀሱ። ያን ቀን ባይመጡ ምን እሆን እንደነበር አላውቅም። እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

ባለፈው ሳምንት ሁላችንም ሺምሾን ሰፈር ቤታቸው ሄድን። የሰው ደጅ ሲያሳምሩ ኖረው የራሳቸው ደረቅ አፈር ነበርና፣ ሠርተን ልንሰጣቸው ነው። እንዲያርፉ ብለን እንዳስተማሩን አቀድን፤ የጥብስ ቅጠል፣ ላቬንደር፣ ቱቦ፣ ጠጠር። ጠጠሩን ማፍሰስ ስንጀምር መስኮቱ ሥር ያለችው መሬት ላይ ቆመው አልነቃነቅ አሉ።

"እዚህ ላይ እንዳታፈሱ። ይቺ የሸጌ ናት።"

ሸጌ እኅታቸው ናት። ወደ እስራኤል የመምጫ ፈቃድ ስትጠብቅ ጎንደር ላይ ፀጉሯ የሸበተ እኅታቸው።

ኦሃድ፣ "አረም ይወርሰዋል እኮ" አለ።

"አርመዋለሁ። እሷ ስትመጣ እጇን የምታሳርፍበት አፈር ትፈልጋለች። ሁሉ ነገር ተሠርቶ ከጠበቃት፣ እንግዳ ሆና ትቀራለች።"

ጠጠሩን ከዚያች መሬት መለስን። ከኢትዮጵያ ከመጣነው መካከል እዚያ ሰው ያልቀረበት ማን ነው? የእኔም እናት እዚያው ናት። ከዚያ ቀን ወዲህ ጠጠር ባፈሰስኩ ቁጥር ትናፍቀኛለች።

እትዬ ሀረጓ፣ እሑድ ጠዋት ሥራ ስንገባ መኪናው ሲመጣ የፊት ወንበሩ ባዶ ነው። ቁጣዎ ይናፍቀናል። "መልሷት" የሚለን ሰው ይናፍቀናል።

በሉ፣ ብርጭቆ ይነሳ! ጤናና ዕድሜ ይስጥዎ፣ ጉልበትዎን ያጽናልዎ። ሽኝቱስ በቃን፤ ስንሸኝና ስንለያይ ነው የኖርነው። ቀጥሎ የሚሰበስበን አቀባበል ይሁን። ቤን ጉርዮን አየር ማረፊያ ላይ፣ እርስዎ ከፊት፣ እኛ ከኋላ ቆመን፣ በሩ ተከፍቶ ሸጌ ከነሻንጣዋ ብቅ ስትል ያሳየን። ለኻይም!