መለያው የተፋቀ ጀሪካን

መቱ መናኸሪያ መኪና ስጠብቅ ከዳሪሙ የመጣውን የጥንት ወዳጄን ጎንፋን አገኘሁት። ጎሬ ወዳለችው ልጁ ወደ ኢሊሊ እየሄደ ነበር። ወልዳለች። የአራስ ገንፎዋ ላይ የሚጨመር፣ ከራሱ ቀፎ የቆረጠውን ማር ይዞላታል። ማሩን የያዘበት ግን መለያ ወረቀቱ የተፋቀ የተባይ መድኃኒት ጀሪካን ነው።

አብራኝ የነበረችው ነኢማ የሰፈሬ ልጅ ናት፤ ግብርና ተምራ የመጣች። ክዳኑን ከፍታ አሸተተችና ፊቷ ተለወጠ።

«ጋሼ ጎንፋ፣ ይህን ማር ለአራስ አይስጡ።»

ጎንፋ ሳቀ። «ደግሞ የማር ሐኪም ሆንሽብኝ? በአመድና በፈላ ውሃ አጥቤዋለሁ። ክዳኑ ጥብቅ ነው፤ መንገዱ ቢያንገላታው ጠብ አይልም።»

መርዙ ፕላስቲኩ ውስጥ ሰርጎ እንደሚቀር፣ ጥብቅ ክዳንም ማሩን ከመፍሰስ እንጂ ከመርዝ እንደማያድነው አስረዳችው። እሱም አገሩ ሁሉ ውሃ የሚቀዳው በዚሁ እንደሆነ፣ በዚህ የሞተ ሰውም እንዳላየ መለሰላት። እኔ ተናደድኩ። በእሱ ብቻ አይደለም። ወረቀቱን ፍቆ ባዶውን ገበያ በሚያወጣው ሰው፣ እያየን ዝም ባልነው በእኛም ጭምር።

ነኢማ ግን ድምፅዋን ሳታነሳ ጠየቀችው።

«አምና ግማሾቹ ንቦችዎ ለምን አለቁ?»

«ጎረቤቴ ማሳው ላይ መድኃኒት ረጭቶ ነዋ። ሽማግሌ ፊት አቁሜዋለሁ።»

«መድኃኒቱ በምን ዕቃ ነበር የመጣው?»

ጎንፋ ጀሪካኑን አየ። የጎሬው መኪና ረዳት ተጣራ፤ አልተነሳም።

«በእንዲህ ያለው» አለ። «ንቦቼን የፈጀውን ለልጄ ልወስድላት ነበር።»

ወደ እኔ ግቢ ሄደን ጉድጓድ ቆፈርን። ጎንፋ ማሩን ደፍቶ አፈሩን ደጋግሞ ረገጠው፤ ንብ እንዳያገኘው ነው። ጀሪካኑን ነኢማ ሌላ ሰው እንዳይገለገልበት በሳችው። ቢቃጠል ጭሱ መርዝ ነው፣ ሶር ወንዝ ቢጣል ውሃውን ይበክላል ብላ፣ ባዶ የመድኃኒት ዕቃ ለሚሰበስበው ማኅበር ወሰደችው።

በሳምንቱ ጎንፋ ከቀፎው የቀረውን ማር በቅል ይዞ መጣ። ባለቤቴ ደብሪቱ ልትጥላቸው የነበሩትን የማርማላታ ጠርሙሶች ቀቅላ አደረቀች። ሞላንባቸው። በደረቀ ኮባ ጠቅልለን፣ ከሱቅ በተጣለ ካርቶን ደረደርናቸው። ያን ሁሉ ኮረኮንች ተጉዘው አንዱም አልተሰነጠቀም። ኢሊሊ ንጹሕ ማር በላች፤ ቆሻሻ ሊሆኑ የነበሩት ጠርሙሶችም ዕቃ ሆኑ።

ጎንፋ አሁን ዳሪሙ ገበያ ላይ መለያው የተፋቀ ጀሪካን ሲያይ ዝም ብሎ አያልፍም። ሻጩ ፊት ይቆምና ይጠይቀዋል፦

«ንብ አለህ?»