ከወለሉ ጋር ስላልታሰረው የኩሽና ካቢኔት የተሰጠ ቃል

ቃል ሰጪ፦ የተጎጂዋ ምራት ታናሽ እህት (ሙሉ ስም በማኅደሩ ሽፋን ላይ ሰፍሯል)
ዕድሜ፦ 29
ሥራ፦ ልብስ ሰፊ
አድራሻ፦ ጉዳቱ በደረሰበት ግቢ፣ የጓሮ ክፍል
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሰኞ ጠዋት
ጉዳዩ፦ በሰው አካል ላይ የደረሰ ጉዳት

የምኖረው በታላቅ እህቴና በባሏ ቤት ነው። የእህቴን ባል እንደ ታላቅ ወንድም ስለማየው "ጋሼ" እያልኩ እጠራዋለሁ። የጋሼ እናትም አብረውን ይኖራሉ፤ እኛም የሰፈሩ ሰውም "እማማ" እንላቸዋለን። ጉዳቱ የደረሰው በእሳቸው ላይ ነው። በጥርጣሬ የተያዘው አናጺ በሰፈራችን "ሜትሮ" በሚል ቅጽል ስም ይታወቃል። መለኪያው ከወገቡ ስለማይለይ ሠርግ ሲጠራ እንኳን ታጥቆት ይሄዳል እየተባለ ይቀለድበታል። ከእሱ ጋር ዝምድናም ሆነ ጠብ የለኝም።

ባለፈው ሐሙስ ከቀትር በኋላ ሜትሮ ከሠራተኞቹ ጋር የእህቴን የኩሽና ካቢኔቶች ገጥሞ ሊጨርስ መጣ። በግድግዳው በኩል ያሉትን ከግድግዳው ጋር በብሎን አሰራቸው። የቀረው ከኩሽናው መሐል ብቻውን የሚቆመው ነበር። ይህኛው የሚደገፍበት ግድግዳ ስለሌለው፣ መጀመሪያ ወለሉ ላይ ጣውላ አስሮ፣ ካቢኔቱን በጣውላው ላይ አውርዶ፣ ከዚያ ሁለቱን በብሎን ሊያያይዛቸው ነበር። እኔ ቀጥሎ ባለው ክፍል መጋረጃ እየሰፋሁ ነበር፤ በሩ ክፍት ስለነበር ሁሉንም አይቻለሁ፣ ሰምቻለሁም።

ሜትሮ መሰርሰሪያውን ሲሰካ ጋሼ ገባና "ምን ልታደርግ ነው?" አለው።

"ወለሉን ልበሳ ነው። ይሄ ሳይታሰር አይሆንም።"

ጋሼ ሴራሚኩ ገና መነጠፉ እንደሆነ፣ ከሥሩም የውሃ ቱቦ እንደሚያልፍ ተናግሮ "ቱቦውን ብትመታው ቤቱ ሐይቅ ነው የሚሆነው! ወለሌ አይበሳም" አለ። ሜትሮም መሳቢያዎቹ በሙሉ በአንድ ጎን ስለሆኑ አንድ ላይ ከተከፈቱ ካቢኔቱ ወደዚያው ሊደፋ እንደሚችል አስረዳ። ጋሼ "ከላዩ ያን የሚያክል የግራናይት ድንጋይ ተጭኖበት? ማን ሊገፋው ነው?" አለ። ነገሩ እየከረረ ሲሄድ እህቴ መሐል ገብታ "በቃ፣ ቅዳሜ የቧንቧ ሠራተኛ ይምጣና ቱቦው በየት እንደሚያልፍ ያሳይ" ብላ አበረደችው።

ከዚያ በኋላ የሆነውንም ለማንም ሳላደላ እናገራለሁ። ሜትሮ "እንግዲህ እኔ ተናግሬአለሁ" ቢልም ሥራውን አላቆመም። ከሠራተኞቹ ጋር ሆኖ ግራናይቱን ባልታሰረው ካቢኔት ላይ ጫነው። መሳቢያዎቹን አላወጣቸውም፣ እንዳይከፈቱም አላሸጋቸውም። ሲወጣ ለእህቴ "ዕቃ አታብዙበት" ብሏት ሄደ። እማማ ያን ጊዜ ጎረቤት ስለነበሩ አልሰሙም፤ ሲመለሱም የነገራቸው የለም። በማግስቱ እህቴ ወለል ላይ የተከመሩት ድስቶችና ሳህኖች መረማመጃ ቢያሳጧት ወደ መሳቢያዎቹ ከተተቻቸው።

ቅዳሜ ጠዋት እህቴ ገበያ ሄዳ፣ ጋሼ ግቢ ውስጥ ሬዲዮ ከፍቶ መኪናውን እያጠበ ነበር። እኔ እዚያው ክፍል ልብስ እተኩሳለሁ። እማማ ኩሽና ገብተው መሳቢያ ሲከፍቱ ሰማሁ። "ይቺ ልጅ ድስቴን የት ደበቀችብኝ?" ይላሉ።

"እማማ፣ ይቆዩ፣ እኔ ልፈልግልዎት" አልኳቸው።

"እጅ አለኝ፤ አንቺ ካውያሽን ያዢ!"

ሁለተኛውን ከፈቱ፣ ሦስተኛውንም ከፈቱ። ወዲያው ሳህኖቹ ባንድ ጊዜ ሲንሸራተቱ ሰማሁ። ሮጬ ስደርስ ካቢኔቱ ወደ እሳቸው እያዘነበለ ነው። እማማ በጀርባቸው ወደቁ፤ ካቢኔቱ ዳሌያቸው ላይ አረፈ። የተከፈቱት መሳቢያዎች ወለሉን ተደግፈው ለጊዜው ያዙት እንጂ ያልቅላቸው ነበር። ግራናይቱ ግን ከካቢኔቱ እየተላቀቀ ወደ ደረታቸው መንሸራተት ጀመረ። ከሥሩ ገብቼ በትከሻዬ ደገፍኩት። የመሳቢያው እንጨት ሲሰነጠቅ ይሰማኛል። ጋሼን ጮኬ ብጠራ ሬዲዮው ዋጠው። ግራናይቱ ወደ ታች ሲጫነኝ እማማ "ልቀቂውና ውጪ፤ አንቺ ገና ልጅ ነሽ" አሉኝ። "ዝም ይበሉ እማማ፣ አይናገሩ" አልኳቸው። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም፤ ለእኔ ዓመት ነው የመሰለኝ።

ሜትሮ በቀጠሮው መሠረት የቧንቧ ሠራተኛውን ይዞ ግቢ ሲገባ ጩኸቴን ሰማ። ጋሼን ተጣርቶ ሦስቱም ተንጋግተው ገቡ። ጋሼና ሜትሮ ጎን ለጎን ሆነው ካቢኔቱን አነሱት፤ የቧንቧ ሠራተኛው እማማን ጎትቶ አወጣቸው። እማማ እንደወጡ ጋሼ የሜትሮን ኮሌታ አንቆ "እናቴን ገደልካት! መታሰር እንዳለበት ለምን አልነገርከኝም?" አለው። ሜትሮ በጋሼ አቤቱታ በዚያው ዕለት ተያዘ።

እማማ ዳሌያቸው ተሰብሮ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸዋል። ትናንት እሑድ ከሰዓት በኋላ ጋሼ ክፍሌ መጣ። "ሐሙስ የስፌት ማሽንሽ ይጮህ ነበር፤ ምንም አልሰማሽም" አለኝ።

"ጋሼ፣ ሰምቻለሁ።"

"የምትኖሪው ማን ቤት ነው?"

እህቴ በሩ ላይ ቆማ ታለቅስ ነበር።

ዛሬ ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት ሆስፒታል ሄጄ ነበር። እማማ "ሰውየውን አሰሩት አሉ፤ በማን ቃል ነው?" ብለው ጠየቁኝ። "በጋሼ፤ ሜትሮ መታሰር አለበት ብሎ ሲነግረው ግን እኔ ሰምቻለሁ" አልኳቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው "ልጄ ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ፈርቶ ነው። እሱ ፈርቶ ያለውን አንቺም ፈርተሽ እንዳትደግሚው" አሉኝ። ሌላ የነገሩኝ የለም።

እዚህ ስደርስ ጋሼን ከመርማሪው በር ፊት ለፊት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። እናቱ እውነቱን ተናገር ብለው አስደውለውለት ይሁን ወይስ የምለውን ሊከታተል መጥቶ፣ አላውቅም። ሰላም ስለው ቀና ብሎም አላየኝ። ይህን ቃል ስሰጥ ሳሉን በበሩ ውስጥ እሰማዋለሁ። ከእኔ ቀጥሎ ተራው የእሱ ነው፤ ገብቶ የሚለውን ይበል፣ እኔ ያየሁትና የሰማሁት ይኸው ነው።

የተጻፈው ተነቦልኝ አዳምጫለሁ። ያልኩት አልተቀነሰም፣ ያላልኩት አልተጨመረም። ማንም ሳያስገድደኝ እውነቱን መናገሬን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የቃል ሰጪዋ ፊርማ ____________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________