ጫካው ውስጥ ክፍት የቀረው ዱዓ

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ዱዓ ከተከፈተ መሪዋ ሳትዘጋው ንቅንቅ የምትል ሴት አልነበረችም። ቤቷ ቢቃጠል አትነሳም። ዛሬ እናንተ አንድ እጃችሁን ለዱዓ ዘርግታችሁ በሌላው ስልክ ትነካካላችሁ። አንቺ ዘይነብ፣ አንቺንም ጭምር ነው! እና ይሄ የምነግራችሁ ነገር ለእኔም ገና ስላልገባኝ እንዳታቋርጡኝ።

አገራችን ወሎ፣ ከመስጊዱ ጀርባ ጫካ አለ። ጥዱ፣ ወይራው፣ ዝግባው፤ አንዱን ግንድ አራት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ አያቅፈውም። ማን እንደተከለው የሚያውቅ የለም። ምንጫችን ከዚያ ነው የሚወጣው፣ እናቴም የተቀበረችው እዚያው ጥድ ሥር ነው። ታዲያ አንድ ቀን እህቴ ጦይባ ደወለችልኝ፤ እኔ እዚህ ሳዑዲ፣ ኾበር ከተማ፣ በአሠሪዬ በማዳም ወጥ ቤት ውስጥ ሩዝ እያጠብኩ።

«ሐዋዬ፣ ጣውላ ነጋዴ ማህተም ያለው ደብዳቤ ይዞ መጣ። የሞተር መጋዝም ይዟል። ነገ ጫካውን ሊጥለው ነው፣ ምን ይሻለናል?»

«ወንዶቹስ?»

«ወንዶቹ ስብሰባ ላይ ናቸው።»

«እንግዲያው ስብሰባው ሲያልቅ ጫካውም አልቆ ይጠብቃቸዋል» አልኩና፣ «ሴቶቹን ሰብስቢና ዛፎቹ ሥር ተቀመጡ። ዱዓውን እኔ እከፍታለሁ» አልኳት። ከመሰደዴ በፊት የሴቶቹን ዱዓ የምመራው እኔ ነበርኩ። እዚህ ሆኜም ቦታዬን ለማንም አልሰጠሁም።

በማግስቱ ጠዋት ተቀመጡ። ጦይባ ስልኩን ከፍ አድርጋ ያዘችልኝና ሁሉንም አየኋቸው፣ የማውቃቸው ፊቶች፣ አርጅተው የለ! እና ከፈትኩ። «መጋዙን አደንዝዝልን!» እላለሁ፣ «አሚን!» ይላሉ። «ምንጩን አታድርቅብን!» «አሚን!» ከዚያ ዓይኔን ጨፍኜ መረቅኩ፣ ረገምኩ፣ ደግሞ መረቅኩ፣ ፋቲሃ ብዬ ዘጋሁ፣ ፊቴን አበስኩ። ዓይኔን ስገልጥ ስልኬ ጥቁር ብሏል። ቻርጅ አልቋል! መቼ እንዳለቀ አላህ ይወቀው። እኔ ግን ኸላስ፣ ጨርሰናል ብዬ ሰካሁት። ወዲያው ማዳም «ያላ ሐዋ፣ ያላ!» እያለች መጣች፤ ለካ ልጇ ደማም ከተማ ወልዳለች። አል ሻጢእ ሰፈር፣ ባሕሩ ዳር ወዳለው የልጇ ቤት ይዛኝ ሄደች፣ ስልኬ ኾበር ግድግዳ ላይ እንደተሰካ ቀረ። እና ሁለት ቀን ሙሉ ለአራሷ ሾርባ ሳበስል ስለ ጫካው አላህ ያውቃል ብዬ ተቀመጥኩ።

ተመልሼ ስልኩን ገና ሳነሳው ጮኸ። የቀበሌው ሊቀመንበር ነው።

«እናታችን፣ በአላህ ይሁንብዎ፣ ዱዓውን ይዝጉልን!»

«የምን ዱዓ?»

«የከፈቱት ነዋ! ሴቶቹ ሁለት ቀናቸው፣ አንነሳም አሉ። ‹ሐዋ አልዘጋችም› ይላሉ።»

«ታዲያ አንተ ሊቀመንበር አይደለህም? አታስነሳቸውም?»

«ዱዓ ላይ የተቀመጠ ሰው እንዴት ተደርጎ ይነካል? ፖሊሱም እምቢ አለኝ። መጋዙን የያዘው ልጅ እናቱ ፊት ለፊቱ ቁጭ ብላ ‹አሚን› ትለዋለች!»

እኔ ግራ ገባኝ። ዘግቼዋለሁ እኮ! ለብቻዬ፣ ለዚያ ለሞተ ስልክ፣ ግን ዘግቼዋለሁ። በአላህ ዘንድ ተዘግቷል፣ በጦይባ ዘንድ ክፍት ነው። ዘግቻለሁ ብል ይነሳሉ፣ የእናቴ ጥድ ይወድቃል። አልዘጋሁም ብል ዋሸሁ። ዝም ብል ደግሞ እህቴ አስም አለባት፣ አገሩ ዝናብ ነው። እንባዬ መጣ። ማዳም «ኤሽ ፊ፣ ያ ሐዋ? ምን ሆንሽ?» አለች። «ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም፣ የአገሬ ዛፍ ነው» አልኳት። «ለዛፍ ነው የምታለቅሺው?» ብላ ሳቀች። እሷ ምን ታድርግ፣ ግቢዋ ያለው አንድ ቴምር ነው፣ እሱንም በቧንቧ ነው የምናጠጣው።

ወዲያው ጦይባ ደወለች። «አንቺ ሴትዮ፣ ዘጋሽ ወይስ አልዘጋሽም? ጉልበቴ እኮ አለቀ!»

«ደረትሽስ?»

«ደረቴን ተይውና ንገሪኝ!»

እና አፌ ላይ የመጣውን ልንገራችሁ፤ «ተነሱ እስክላችሁ አትነሱ። ግን ተራ ግቡ፣ አንዷ ቤቷ ስትሄድ አንዷ ትተካ። መጀመሪያ አንቺ ሂጂና ልብስሽን ቀይሪ» አልኳት። ይኸው ነው። ዘግቻለሁም፣ አልዘጋሁምም የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም። ይሄ ውሸት ነው? እስቲ ቁርአን የቀራችሁ ንገሩኝ።

ለሊቀመንበሩም «መጀመሪያ የነጋዴው መኪና ከጫካው ይውጣ» አልኩት። «ደብዳቤ አለው እኮ!» ይለኛል። «እንግዲያው ደብዳቤውን ይዘህ ሂድና መሃላቸው ተቀመጥ፣ አሚን በል» አልኩት። መኪናው በሳምንቱ ወጣ። ደብዳቤው ግን አልተቀደደም፣ ሴቶቹም ተራቸውን አልተዉም፣ ይኸው ሁለተኛ ወራቸው። ታዲያ ዛፉን ያቆመው የእኔ ዱዓ ነው? የጦይባ ጉልበት ነው? ወይስ ያ የተረገመ ቻርጅ? እንጃ! ሌት ተቀን አስባለሁ፣ አልገባኝም።

«እማማ ሐዋ፣ ስልክዎ እየጠራ ነው።»

ማነው? እስቲ እዪልኝ፣ ዘይነብ።

«ሊቀመንበሩ ነው።»

አንሺና ቻርጅ አልቆባታል በይው።

«በራስዎ ስልክ እያወራሁት?»