ስድብ የማያለዝቡት አቶ ቶቢያስ

ወዳጆቼ፣ ብርጭቆውን ገና አታንሱት! አቶ ቶቢያስ ሃስኬት ንግግሬን ሳያርሙ ቁጭ ብለው የሚሰሙኝ ዛሬ፣ በስንብታቸው ማታ ብቻ ነውና ልጠቀምበት።

የዛሬ አሥር ዓመት በሰሜን ካለው ከሴለም ወደብ ሲመጡ፣ አዲሲቱ መዲና ዋሽንግተን ከተማ ናት ብለዋቸው ነበር። ባለጋሪውን “ከተማው ስንት ሰዓት ይቀረናል?” ይሉታል። “ጌታዬ፣ መሃሉ ላይ እኮ ነን!” ይላቸዋል። ዘወር ቢሉ አንዲት ላምና የተቆረጠ ጉቶ። ከጋሪው ሲወርዱ ጭቃው አንድ ጫማቸውን ዋጠው። በአንድ እግር ጫማ፣ በአንድ እግር ካልሲ ሆነው በፕሬዚዳንቱ ቤት ወዳለችው ጠባብ የደብዳቤ ክፍላችን ገቡ። የያኔው አለቃችን “ሌላው ጫማስ?” ሲላቸው፣ ፊታቸውን ሳይፈቱ “ለዋና ከተማዋ መሠረት አዋጥቻለሁ” አሉት።

ሥራችንን ታውቁታላችሁ። ለፕሬዚዳንቱ የሚመጣውን ደብዳቤ ማንበብ፣ ፍሬ ነገሩን በአጭሩ መጻፍ፣ ከዚያ ወደ ላይ መላክ። የዛሬ ሁለት ዓመት ወደ እርሻቸው የተመለሱት ፕሬዚዳንት ደግሞ፣ እግዜር ይስጣቸው፣ ሥራ አስፈትተውን አያውቁም። ግማሹ አገር ከሃዲ ይላቸዋል። የቀረው ግማሽ ሹመት ይለምናቸዋል። ጎበዝ የሆነው ሁለቱንም በአንድ ወረቀት ይጨርሳል። አቶ ቶቢያስ ይህን ዓይነቱን ለብቻው ይከምሩታል። “ሰድቦ ለማኝ” ነው የሚሉት። የምስጋና ደብዳቤ ማስቀመጫም ነበረን። ዳቧቸውን ያሳድሩበታል።

ያን የጉምሩክ ሹመት ፈላጊ ታስታውሱታላችሁ? አቶ ቶቢያስ “ቦታው ሰው አለበት” ይሉታል።
“ታሟል ሲባል ሰማሁ።”
“ጉንፋን ነው።”
“ግዴለም፣ እጠብቃለሁ!”
ሦስት ቀን ኮሪደሩ ላይ ተቀመጠ። በአራተኛው ቀን ሹሙ ራሱ ከች አለ። ሰውየው አንገቱን ደፍቶ “ዳኑ?” አለው። ያን የመሰለ ኀዘን በቀብር ላይ እንኳ አላየሁም።

እየሳቃችሁ ነው። ከዚያ የወደብ ሕግ መጣ። እንግሊዝና ፈረንሳይ እርስ በርስ ሲዋጉ መርከቦቻችንን በባሕር ላይ እየያዙ አስቸገሩን። መንግሥታችንም “እንግዲያው ማንም መርከብ ወደ ውጭ አይውጣ” ብሎ ወደቦቹን ሁሉ ዘጋ። ጠላትን ለማስራብ እኛ ጦማችንን አደርን። ደብዳቤ በጆንያ ይመጣ ጀመር። እኔ ፈሪው፣ “አንዳንድ ነጋዴዎች ቅር ብሏቸዋል” እያልኩ አሳምሬ እጽፋለሁ።

አቶ ቶቢያስ ወረቀቴን አነሱ። “ኤልካና፣ ቅር ብሎኛል ነው የሚለው ሰውየው?”
“ያው... እንደዚያ ማለቱ ነው።”
“ልጆቼ ተራቡ ነው ያለው። ተራቡ ብለህ ጻፍ!”
“ጌታዬ፣ ላይ ያሉት ቢቆጡስ?”
“ይቆጡ። ተቆጥተውም ቢሆን ይወቁት።”

አንድ ጠዋት አንድ ደብዳቤ እንደያዙ መነጽራቸውን አወለቁ። የእጅ ጽሑፉን አውቀውታል፤ የታላቅ ወንድማቸው፣ የካፒቴን ጆተም ነው። “መርከቤ ወደብ ላይ ቆሞ እየበሰበሰ ነው” ይላል። “መርከበኞቼ የሚቀመስ የላቸውም። ይህን ሕግ ያወጣ ሰው ባሕር አያውቅም። እዚያው ቤትዎ ያለው ወንድሜ ቶቢያስም ደመወዙን የሚበላው ከእኛ አፍ ነጥቆ ነው።”

ምድጃው እየነደደ ነበር። “ይጣሉት፣ ማንም አያይም” አልኳቸው።
“ደብዳቤው የእኔ አይደለም” አሉኝ። “የተጻፈው ለእሳቸው ነው።”

አንዲት ቃል ሳያለዝቡ ፍሬ ነገሩን ጻፉ። ኅዳጉ ላይ ደግሞ “ጸሐፊው የሚናገረውን ያውቃል። ወንድሜ ነው” ብለው ፈርመው ላኩት። ከዚያ ብዕራቸውንና የብዕር መቅረጫ ቢላቸውን በመሐረብ ጠቅልለው፣ የሚባረሩበትን ትእዛዝ መጠበቅ ጀመሩ። ሦስት ቀን ምግብ ሲቀምሱ አላየሁም። በአራተኛው ቀን ወረቀቱ ተመለሰ። ከላዩ አንድ ቃል ብቻ ሰፍሮበታል፦ “ተነቧል።” ፕሬዚዳንቱ አልተቆጡም፣ አላመሰገኑም። ከመንግሥት ከዚህ የበለጠ ፍቅር ያገኘ ካለ እጁን ያውጣ!

ለወንድማቸውም ያንኑ ጻፉለት፦ “ደብዳቤህ ደርሶ ተነቧል።” ካፒቴኑ ከዓመት በላይ ዘጋቸው። እሳቸው ግን በየሳምንቱ ፖስታ ሲመጣ፣ የጽሑፉን መልክ እያዩ ሁሉንም ያገላብጡ ነበር። ማንም ያየኛል ብለው አላሰቡም። እኔ አይቻለሁ።

ሕጉ ከተሻረ በኋላ አንድ በርሜል ጨው የገባ ዓሣ ከሴለም ደረሰ። ከክዳኑ ላይ “ይሄን ብላው እንጂ አትመዝግበው” የሚል ወረቀት ተለጥፏል። እሳቸው ግን በመዝገቡ ላይ “አንድ በርሜል ዓሣ፤ ከወንድሜ” ብለው ጻፉ። ከዚያ ወደ ጓሮ ወጡ። ዓይናቸው ቀልቶ ሲመለሱ “የዓሣው ጨው ነው” አሉን። በርሜሉ ግን ገና አልተከፈተም ነበር።

አቶ ቶቢያስ፣ እውነት እዚያ ላይ ከሚቀመጥ ሰው ጆሮ ለመድረስ ስንት ደጅ እንደሚያልፍ ያየሁት ከእርስዎ አጠገብ ተቀምጬ ነው። በየደጁ እንደ እኔ ያለ ፈሪ ጥቂት ጥቂት ይሸራርፈዋል። በእርስዎ ደጅ ግን ያለፈ ሁሉ ሳይጎድል አለፈ። ከእኔ ሰው ለማውጣት ስለደከሙ አመሰግናለሁ። ዛሬ ራበኝ ያለውን ራበኝ ብዬ እጽፋለሁ። እፈራለሁ፤ ግን እጽፋለሁ።

በሉ አሁን አንሱ! ነገ ጠዋት ሠረገላው ወደ ሰሜን ይወስዳቸዋል። ካፒቴን ጆተም ከባሕሩ ፊት ለፊት ያለውን ክፍል አስለቅቆላቸዋል። መንገዱ ይቅናዎት፤ ጉልበትዎ አይዛል። እርስዎና ወንድምዎ በአንድ ማዕድ ተቀምጣችሁ፣ በአፍ እየተሰዳደባችሁ፣ እየሳቃችሁ አርጁ። ለጤናዎ፣ አቶ ቶቢያስ!