ከየትኛው አጥቢያ?

ዳንግላ የቀን ሥራ አጥቼ፣ ቡሬ ልሞክር ብዬ በጭነት መኪና ስሄድ አጠገቤ አንድ ግንበኛና አንድ የዘንገና ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር።

«የእንጅባራውን ትምህርት ቤት ግድግዳ ከዋናው ኮንትራክተር ተቀበልሁና ሰው አጣሁ» አለ ግንበኛው።

«ሳትቀጥር ቀርተህ ነው?»

«ሠላሳ ሰው ይበቃኛል ብዬ ሠላሳ ቀጠርሁ እንጂ! ወሩ በገባ በአምስት አንድም አልመጣ። በማለዳ ብቻዬን ያቦካሁት ጭቃ ደርቆ ቀረ።»

«ከየት ነው የቀጠርሃቸው?»

«ሁሉንም ከእናንተ አገር፣ ከዘንገና።»

ሽማግሌው ሳቁ።

«የእኛ ታቦት አቦ ነው። በአምስት ማን ድንጋይ ያነሣልሃል?»

«ታዲያ ምን ይሻለኛል አባቴ? ክረምት ሳይገባ ጣራው ካልወጣ ግድግዳው ይፈርስብኛል።»

«ስትቀጥር አጥቢያውንም ጠይቅ። ግማሹን ከእኛ ውሰድ፣ ግማሹን ከጥርባ። የእነሱ ታቦት ተክለ ሃይማኖት ነው። እኛ ስናርፍ እነሱ ይሠራሉ፤ እነሱ ሲያርፉ እኛ አለን።»

«ማርያም ስትሆንስ?»

«ያን ቀንማ አንተም ታርፋለህ!»

ግንበኛው ከት ብሎ ሳቀ።

«እንግዲያው ነገ በጠዋት ጥርባ ነኝ።»

እኔ የጥርባው ሰው፣ ለቡሬ የቋጠርሁትን ስንቅ አንጠልጥዬ እንጅባራ ላይ ከግንበኛው ኋላ ወረድሁ።