ቆላፊው ወይስ ገዳቢው?

— ሄሎ፣ የአይሊ ጋራዥ። … ኧረ ቬይኮ! … ጮክ በል፣ ማሞቂያው ይንጫጫል፣ አልሰማህም።

— ምን? «ለበረዶ የትኛው ዲፈረንሻል ይሻላል?» … ወንድማለም፣ ይሄ ሳይገጠም በፊት ነበር የሚጠየቀው! … «ቆላፊው ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ» ያለው ማን ነው? ጎረቤትህ ስላስገጠመ አይደል?

— ሚስተር ኒሚ፣ ትንሽ ይታገሡኝ፣ ወንድሜ ነው። የበረዶ መጥረጊያዎን አሁን እበይድልዎታለሁ።

— እሺ፣ ትሰማኛለህ? ቆላፊው ሁለቱን የኋላ ጎማ እኩል ያዞራል። ጫካ ገብተህ በረዶ እስከ ጉልበት ሲውጥህ፣ እሰየው። በሚያንሸራትት መንገድ፣ ያውም ጥምዝ ላይ ከቆለፍከው ግን ሁለቱም ባንዴ ይከዱሃል፤ መኪናው በቂጡ ይሄዳል። … ገዳቢው? እሱ ጉልበቱን ለሁለቱ ጎማ ቀስ እያለ ነው የሚያካፍለው። እንደ ቆላፊው የሚነካ ማብሪያ እንኳን የለውም፤ ላንተ ዓይነቱ ታስቦ ነው።

— አልሳቅኩም። … እሺ፣ ሳቅኩ።

— አሁን የት ነህ? … «እንዲሁ መንገድ ላይ» የሚባል ቦታ አላውቅም። … ቦይ ውስጥ? ከሃንኮክ ከተማ ስትወርድ ያለው ጥምዝ ላይ! … ሚስተር ኒሚ፣ ጀግናው ቦይ ገብቷል!

— መኪናው እንዲከብድና እንዳይንሸራተት ከኋላ የምንጭነው የአሸዋ ከረጢትስ? … አወረድከው? ለሳውናው፣ ለእንፋሎት መታጠቢያህ፣ እንጨት ቦታ ጠበበህ? … እዚህ አገር ተወልዶ በጥር አሸዋ የሚያወርድ፣ አንተን አየሁ!

— ቆይ… ማነው የሚያስለው? … እማዬ ናት? … የዓይኗ ቀዶ ጥገና ዛሬ ነው እንዴ? … አንተ ደደብ! ቅጠል ሳይረግፍ ጀምሮ የጠበቀችው ቀጠሮ! እናትህን ጭነህ ጥምዝ ላይ ትቆልፋለህ? … ዝም በል። ስልኩን ስጣት። ስጣት አልኩህ!

— እማዬ? ተጎዳሽ? … ተመስገን። ቬይኮ ጭሱ ወደ ውስጥ እንዳይገባባችሁ የጭስ ማውጫውን በረዶ ይጥረግ፤ ሞተሩም አይጥፋ፣ እንዳይበርድሽ። ጎትቼ አወጣችኋለሁ። ያ ጅል ልጅሽ ማብሪያውን… ምን?

— … አንቺ ነሽ የነካሽው?

— የወንበር ማሞቂያ መስሎሽ? … እማዬ፣ ማብሪያው እኮ ይሄን ያህላል፣ ደማቅ ቀይ…

— … ቀዩም አይታይሽም። … ከመቼ ጀምሮ? … ለምን አልነገርሽኝም?

— እሱ ያውቃል? … «ለአይሊ አትንገራት» ብለሽው ነው እንግዲህ ይሄን ሁሉ ስድብ የዋጠው።

— አላለቅስም። … ጉንፋን ነው አልኩሽ።

— ለሆስፒታሉ እደውላለሁ፤ ይጠብቁሻል። እምቢ ካሉ እኔን ያገኙኛል። … ሚስተር ኒሚ፣ ይቅርታ፣ ብየዳው ነገ ይሁንልዎ። ያንን የመጎተቻ ሰንሰለት ያቀብሉኝ።

— ሄሎ? … እሺ እማዬ፣ አልሰድበውም። … ይቅርታውን ምን ብዬ እንደምጀምርለት እንኳን አላውቅም። … መጣሁ። ዘጋሁት።